አፍና ድምፅ ሲገጥም፦ ስለ ሙዚቃ በስክሪን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ሠርግ፣ ክሊፕ፣ አልፎ አልፎም ኮንሰርት። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ግን ስለ ሠርግ አይጠይቀኝም። "ያ ዘፋኝ እውነት እየዘፈነ ነው?" ይለኛል። ወይም "ልጄ አንድ መዝሙር ሃምሳ ጊዜ የሚያየው ለምንድን ነው?" መልሶቹን በየጊዜው ከምደግም አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮንሰርት ፊልም ከተቀረጸ ኮንሰርት በምን ይለያል?

የተቀረጸ ኮንሰርት "ይሄ ሆነ" ይላል። ኮንሰርት ፊልም ግን ምን እንደምናይ የሚወስን ሰው አለው። በ1970 የወጣውን "ውድስቶክ" ተመልከቱ። ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ ግማሽ ቀልቡ ያለው ግን ሕዝቡ ላይ ነው። ጭቃው፣ ዝናቡ፣ ሰልፉ። ስክሪኑን ለሁለትና ለሦስት ከፍለው ዘፋኙንና ታዳሚውን ጎን ለጎን ያሳያሉ። በምርጥ ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ወስዷል። ከኤዲተሮቹ አንዱ ያኔ ስሙ ገና ያልታወቀው ማርቲን ስኮርሴዚ ነበር።

በ1984 የወጣው የጆናታን ዴሚ "ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ" ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታዳሚው እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ አይታይም ማለት ይቻላል። የቶኪንግ ሄድስ ድምፃዊ ዴቪድ በርን ጊታርና ቴፕ ይዞ ብቻውን ባዶ መድረክ ላይ ይወጣል። ከዚያ ባንዱ አንድ በአንድ ይጨመራል። ሌላ ሰው ሲደሰት አይታችሁ ሳይሆን በራሳችሁ ጆሮ እንድትደሰቱ ተትታችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

ቪዲዮ ላይ የዘፋኙ አፍና ድምፁ ለምን አይገጥምም?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ካሜራና ድምፅ መቅጃ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። ካሜራው ምስሉን ይወስዳል። ድምፁን ደግሞ ሌላ መቅጃ ከሚክሰሩ ይወስዳል። ኤዲት ላይ ሁለቱን ማጋጠም የእኛ ሥራ ነው። ፊልም ሲቀረጽ ያቺ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ "ጧ" የምትለው ለዚህ ነው። ጧ ያለችበት ቅጽበት ምስሉ ላይ ይታያል፣ ድምፁ ላይም ይሰማል። ሁለቱን አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይገጥማል።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ ራሱ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። ካሜራው ከስፒከሩ 100 ሜትር ርቆ ከቆመና በራሱ ማይክ ከቀዳ፣ ድምፁ 0.3 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ስለዚህ ሰባት ፍሬም ዘገየ ማለት ነው። ሰባት ፍሬም ዓይን ያወጣ ስህተት ነው። ድራመሩ እጁን ለሚቀጥለው ምት ሲያነሳ ነው ያለፈው ምት የሚሰማው።

አንዴ ሦስት ካሜራ ይዘን አንድ አዳራሽ ገባን። ሳውንድማኑ ከሚክሰሩ መስመር ሊሰጠን ፈቃደኛ አልሆነም። "ካሜራችሁ ማይክ የለውም እንዴ?" አለን። በሰሌዳዋ ፈንታ መጀመሪያ ላይ ማጨብጨቡን ደግሞ እኛው ረሳነው፤ ይሄን በማንም አላሳብብም። ሦስት ሌሊት የዘፋኙን ከንፈር እያየሁ "በ" እና "መ" ስፈልግ አነጋሁ። ከንፈር ጥርቅም ብሎ የሚገጥመው እነሱ ላይ ነዋ። "ፐ"ም አለች፤ ግን አማርኛ ዘፈን ውስጥ "ፐ"ን ከየት ታመጧታላችሁ?

በዚህ ምክንያት ሳይወጣ የቀረ ፊልም አለ?

አለ፣ ያውም ከትልልቆቹ አንዱ። በጃንዋሪ 1972 አሜሪካዊቷ ድምፃዊት አሬታ ፍራንክሊን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ምሽት ዘመረች። ቀረጻውን የመራው ሲድኒ ፖላክ ነበር። የፊልም ሰው ነው፣ ልምድ አለው፤ የሙዚቃ ቀረጻ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ካሜራዎቹ እየቆሙ ሲነሱ ያቺ "ጧ" አልተደረገችም። በመጨረሻ በሰዓታት የሚቆጠር ምስልና ግሩም ድምፅ ተገኘ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ ጠፋ። የመዘምራኑን መሪ ሳይቀር ጠርተው ከንፈር እያስነበቡ ሞከሩ። አልሆነም።

አልበሙ በዚያው ዓመት ወጥቶ በሚሊዮን ተሸጠ። ፊልሙ መጋዘን ገባ። ኮምፒውተር መጥቶ ማጋጠሙ ከተቻለ በኋላም አሬታ በሕይወት ሳለች እንዳይታይ በፍርድ ቤት ተከራክራለች። "አሜዚንግ ግሬስ" ለሕዝብ የታየው እሷ ባረፈችበት በ2018 መጨረሻ ነው። 46 ዓመት ማለት ነው። እኔ ሦስት ሌሊት ብዬ አማርሬያለሁ።

ፕሌይባክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ፕሌይባክ ማለት ቀድሞ የተቀዳ ዘፈን እየተጫወተ አፍ ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ትንፋሹን እዩ። ረጅም ስንኝ ከመጀመሩ በፊት ደረቱ ካልተነፋ ነገር አለ። ማይኩንም እዩ። እውነት የሚዘፍን ሰው ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ ማይኩን ከአፉ ይሸሻል፣ ሲያንሾካሹክ ያስጠጋል። ማይኩ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ምንም ካልተለወጠ የምትሰሙት ሲዲውን ነው። ድራሙ ላይ አንድም ማይክ ከሌለ፣ የኪቦርዱ ገመድ ከምንም ጋር ካልተያያዘ፣ በቃ።

ክሊፕ ላይ ግን ፕሌይባክ ነውር አይደለም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው። እንዲያውም አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። አንዳንድ ክሊፕ ላይ ሰውነቱ በዝግታ ሲንሳፈፍ አፉ ግን ከዘፈኑ ጋር ልክ ይሄዳል። እንዴት? ቀረጻው ቦታ ላይ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ያጫውቱታል። ድምፃዊው በዚያ ፍጥነት አፉን ያንቀሳቅሳል። ካሜራው በሰከንድ 48 ፍሬም ይወስዳል። በኋላ በ24 ሲጫወት አፉ ወደ ዘፈኑ ይመለሳል፤ ሰውነቱና ነጠላው ግን በዝግታ ይቀራሉ። ቀረጻው ላይ ብትገኙ ሳቅ ይገድላችኋል፤ ዘፈኑ የአይጥ ድምፅ ነው የሚመስለው።

በኮንሰርት ፊልም የምንሰማው ሁሉ ያን ማታ የተዘፈነው ነው?

ሁሌ አይደለም። ብዙ ባንዶች በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የተበላሸውን ይደግማሉ። የስኮርሴዚ "ዘ ላስት ዋልትዝ" (1978) እንኳ ከስቱዲዮ እርማት አላመለጠም። ምስሉ ግን ሊደገም አይችልም። እዚሁ ፊልም ላይ የምወደው ታሪክ አለ።

ፊልሙ ዘ ባንድ የተባለው ቡድን የመሰናበቻ ኮንሰርት ነው፤ የተካሄደውም በኖቬምበር 1976 ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሰባት ባለ 35 ሚሊሜትር ካሜራ ነበር። የትኛው ካሜራ በየትኛው ስንኝ ላይ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ተጽፏል። የብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዋተርስ ወጥቶ "ማኒሽ ቦይ"ን ሲጀምር ግን ካሜራዎቹ ጠፍተው ፊልም እየተቀየረላቸው ነበር። አንድ ብቻ ይሠራ ነበር፤ የላስሎ ኮቫክስ። ለምን? በጆሮው የሚመጣው ትእዛዝ ሰልችቶት ማዳመጫውን አውልቆ ነበር። "አቁም" ሲባል አልሰማም። ስለዚህ ያ ዘፈን የሚታየው በአንድ ካሜራ ዓይን ነው፤ ከሙዲ ፊት አይነቀልም። ከፊልሙ ምርጥ ክፍሎች አንዱም እሱ ነው። አሁን ክሊፕ ላይ በየሁለት ሰከንዱ ካልቆረጥክ ለሚሉኝ ደንበኞች ይሄን እነግራቸዋለሁ። አይሰሙኝም።

ሲኒማ ቤት ውስጥ አብሮ መዝፈን ነውር ነው?

እንደ ፊልሙ ነው። በኦክቶበር 2023 የወጣው የቴይለር ስዊፍት የ"ኢራስ ቱር" ፊልም ላይ ሰው ቆሞ ጨፍሯል። ፊልሙን ለሲኒማዎች ያከፋፈለው ትልቅ የፊልም ስቱዲዮ ሳይሆን ኤኤምሲ የተባለው የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ልብ ወለድ ፊልም ላይ ግን ከኋላዬ የሚያንጎራጉር ሰው ካለ እዞራለሁ።

ላይቭ ኤይድ የሚባለው ኮንሰርትስ? እሱ ፊልም ነው?

አይደለም፣ ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ የተሰበሰበበት ኮንሰርት የቀጥታ ስርጭት ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ጄኤፍኬ ስታዲየም ውስጥ። 16 ሰዓት ገደማ በሳተላይት ዓለምን አዳርሷል። ቀጥታ ስርጭት ምሕረት የለውም። ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲጀምር ማይኩ ሞተ፤ የዘፈኑ መጀመሪያ አልተሰማም። በዲቪዲ የወጣው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው።

ያን ቀን ዴቪድ ቦዊ ከድርሻው አንድ ዘፈን ቀንሶ፣ የካናዳው ሲቢሲ የቀረጸው የረሃቡ ምስል በሙዚቃ ታጅቦ እንዲታይ አድርጓል። የሀገራችን ሰው ነበር የሚታየው። መድረኩ ላይ ግን ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ነበርን፤ ድምፃችን ግን አልነበረም። ይሄ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005፣ የቦብ ማርሌ ስድሳኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ በኮንሰርት ተከበረ። ስቴፋኒ ብላክ "አፍሪካ ዩናይት" ብላ ፊልም አድርጋዋለች። አዲስ አበባን በኮንሰርት ፊልም ማየት የፈለገ ከዚያ ይጀምር።

ቃላቱ ላይ እየዘለለች የምትሄደው ኳስ ከየት መጣች?

ከዝምተኛው ሲኒማ ዘመን። ማክስና ዴቭ ፍላይሸር የተባሉ ወንድማማቾች በ1924 ሕዝቡ ሲኒማ ቤት ውስጥ እንዲዘፍን አጫጭር ፊልሞች መሥራት ጀመሩ። ግጥሙ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፣ ኳሷ የሚባለው ቃል ላይ ትዘላለች። የሚገርመው ኳሷ አልተሳለችም። በዱላ ጫፍ ላይ ያለች ነጭ ኳስ ናት፤ ሰው ሙዚቃውን እየተከተለ በእጁ ያንቀሳቅሳታል። ምቱን የያዘው የሰው እጅ ነበር። አሁን በኮምፒውተር የሚሠሩት ብዙዎቹ ያ ነገር የላቸውም፤ ኳሷ ትሄዳለች እንጂ አትጨፍርም።

በአማርኛ ካራኦኬ ስንሠራ ግጥሙን እየሞላ የሚሄደው ቀለም ለምን ከዜማው ይቀድማል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ነው ያለው። "አበባ" ሦስት ፊደል፣ ሦስት ምት። ኳሷ ከፊደል ፊደል ትዘላለች፣ አለቀ።

መከራው ሳድስ ላይ ነው። "ልጅ" ሁለት ፊደል ናት፤ ሲዘፈን ግን አንድ ምት። "ሰላም" ሦስት ፊደል ሆና ሁለት ምት ናት፤ "ም" ከ"ላ" ጋር ተጣብቃ ነው የምትሄደው። "ትምህርት" አምስት ፊደል፣ ሁለት ምት። ሶፍትዌሩ ይሄን አያውቅም። ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጊዜ ያድላል። ስለዚህ ቀለሙ ሳድስ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ሌላው ላይ ይሮጣል። መፍትሔው በፊደል ሳይሆን በምት መቁረጥ ነው። "ሰ" አንድ ቁራጭ፣ "ላም" አንድ ቁራጭ።

ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ። "አለ" ስትጠብቅ ሌላ፣ ስትላላ ሌላ ናት፤ ጽሑፉ ላይ አይታይም። ስትጠብቅ ኳሷ "ለ" ላይ ከማረፏ በፊት ትንሽ መቆየት አለባት። ትዝታ ላይ ደግሞ ድምፃዊው አንዷን ፊደል ይዞ ተራራ ወጥቶ ይወርዳል። አንዳንዱ ሳድሷን ራሷን ከፍቶ የራሷን ምት ይሰጣታል። ያኔ ሕግ የለም። ዘፈኑን ደጋግሞ ሰምቶ በእጅ ማስቀመጥ ነው፣ እንደ ፍላይሸሮቹ።

ግጥሙን ከስር መጻፍ ማንበብ ያስተምራል?

ይረዳል። ብሪጅ ኮታሪ የተባለ ሕንዳዊ በ1996 አሜሪካ ተማሪ ሳለ የስፔን ፊልም ያያል። ምነው የስር ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ቀርቶ በስፓኒሽ ቢሆን፣ ቋንቋውን እማርበት ነበር ብሎ ያስባል። ያንን ይዞ ሀገሩ ገባ። የሕንድ ፊልም ዘፈኖችን በዚያው በሚዘፈኑበት ቋንቋ ከስር መጻፍ ተጀመረ፤ መጀመሪያ በጉጃራት ቴሌቪዥን ላይ፣ በ1999። ፊደል የቆጠረ ግን ማንበብ ያልፈጠነ ሰው፣ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሲያይ ዓይኑ ሳያስበው ያነባል። ቀጣዩን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋላ።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው "ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ አያነብም" ለሚሉኝ ወላጆች ይሄንኑ እላለሁ። ልጁ በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር በፊደል ተጽፎ ያሳዩት። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ግን አይቁጠሩልኝ።

ልጄ አንዱን መዝሙር ሃምሳ ጊዜ ያያል። ጤነኛ ነው?

ጤነኛ ነው፤ የሚታመመው ወላጅ ነው። ትንሽ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ራሱ ደስታው ነው። መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይለያል፣ በመጨረሻ ይቀድማል። የልጆች ቴሌቪዥን ሠሪዎች ይሄን አስበው ነው የሚሠሩት። "ብሉስ ክሉስ" በ1996 ሲጀምር አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን ይደግመው ነበር። "ቴሌተቢስ" ደግሞ አንዱን አጭር ፊልም አሳይቶ ሲያበቃ ወዲያው እንደገና ያሳየዋል።

በኖቬምበር 1969 የጀመረው ሰሳሚ ስትሪት ደግሞ ፈተና ነበረው። ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡታል። ጎኑ ሌላ ስክሪን ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ሥዕል ይቀያየራል። ልጁ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ካዞረ ያ የፕሮግራሙ ክፍል ደካማ ነው ማለት ነው። ጨካኝ ፈተና ነው። ለእኛም ክሊፖች ቢደረግ ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

በአማርኛስ የልጆች ፕሮግራም ማን ጀመረው?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘመን አንስቶ አርባ ዓመት ያህል የልጆች ሰዓት ማለት አባባ ተስፋዬ ነበሩ፤ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" የማይል የዚያ ዘመን ልጅ የለም። ፈረንጆቹ ስክሪን ላይ ያለው ሰው ጠይቆ ዝም ማለቱን፣ ልጁም ከቤቱ መመለሱን እንደ ግኝት ያወሩታል። እኛ ቤት "ተረት ተረት" ከተባለ "የላም በረት" ያላለ ልጅ ነበር እንዴ?

በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን አመጣች። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ አሻንጉሊት። እጅ መታጠቡም ፊደሉም በመዝሙር ይመጣል። ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። ልጅ ያላችሁ ፈልጋችሁ አሳዩ።

በቀን ስንት ሰዓት ይይ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ዓመት ላልሞላው ጭራሽ። ተነስቶ እየጨፈረ ከሆነ እኔ ብዙ አልጨነቅም፣ ግን ሐኪም አይደለሁም።

ኮንሰርት ላይ በስልኬ የቀረጽኩትን ዩቲዩብ ላይ ብጭን?

ምስሉ የእናንተ ነው፤ ሙዚቃው አይደለም። አንድ ዘፈን ላይ ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው፣ ድምፃዊውና ፕሮዲውሰሩ እጃቸው አለበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) አለ። ዩቲዩብም ድምፁን በራሱ ይለየዋል። ፈቃድ ጠይቁ፣ ወይም ለቤተሰብ ብቻ ላኩት።

የትምህርት ቤት በዓል ላይ ልጄ ሲዘምር ስቀርጽ ድምፁ ለምን ይንኳኳል?

ስፒከሩ ስር ቆማችሁ ነዋ። የስልክ ማይክ ያን ያህል ጩኸት አይችልም። አምስት ስድስት ሜትር ራቁ፣ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን። ሁለተኛ ስልክ ካላችሁ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጡት። ሁለቱም ሲበሩ፣ ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት፣ ካሜራው ፊት አንዴ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ሰው ዞሮ ያያችኋል። ይይ።